ኤን ኤች ኤል ኤጅ፦ የሞንትሪያሉን ግዙፍ ልጅ ከደብረ ብርሃን ሆኖ ለመመዘን ይበቃል?

ነጥቡን አስቀድሜ ልስጥና ልገላገል፦ ከአምስት ሦስት ተኩል። ኤን ኤች ኤል ኤጅ የአይስ ሆኪ ተጫዋቾችን ልኬት የሚያሳይ የኢንተርኔት ገጽ ነው፤ ነፃ ነው፣ ክፍያ አይጠይቅም። እለካዋለሁ ያለውን ነገር በደንብ ይለካል። አንድን ወጣት ፓወር ፎርዋርድ (እየተጋፋ ጎል የሚያገባ ግዙፍ አጥቂ) ለመመዘን ከሚያስፈልገው ነገር ግን ግማሹ እዚያ ውስጥ የለም። የቀነስኩት አንድ ተኩል ነጥብ ለእሱ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ታዳጊዎችን እጅ ኳስ አሠለጥናለሁ። አይስ ሆኪ ውስጥ የከተተኝ ሞንትሪያል የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። የካናዲያንስ፣ ማለትም የሞንትሪያሉ ሆኪ ቡድን፣ ደጋፊ ነው፤ ደጋፊ ስል ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት ሥራ ቦታ ከሰው ጋር የማይነጋገር ዓይነት። አንድ ቀን በድምፅ መልእክት «እታለም፣ አንቺ አሠልጣኝ አይደለሽ? እስቲ ይሄን ልጅ እዪልኝና ፍረጂ፤ እኛ እዚህ በሱ የተነሳ ተኳርፈናል» አለኝ። ልጁ ዩራይ ስላፍኮቭስኪ ነው። ከመልእክቱ ሥር የላከልኝ ሊንክ ደግሞ የኤን ኤች ኤል ኤጅ ነበር።

ለማታውቁት፦ ኤን ኤች ኤል የሰሜን አሜሪካው የፕሮፌሽናል አይስ ሆኪ ሊግ ነው። ኤጅ ደግሞ ሊጉ በኦክቶበር 2023 ለሕዝብ የከፈተው የልኬት ገጽ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የሆኪ ወቅት በመጸው ተጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ስለሚያልቅ ወደኛ ልመልሰው ብል ለእናንተም ለእኔም ጣጣ ነው።) በእያንዳንዱ ተጫዋች ማሊያ ላይና በፓኩ (በዱላ በሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ሆድ ውስጥ ዓይን የማያየው ብርሃን የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ተቀብሯል። ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር የተሰቀሉት ካሜራዎች ያንን ብርሃን እየተከተሉ ፓኩ ያለበትን ቦታ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ተጫዋቹ ያለበትን በሰከንድ 15 ጊዜ ይመዘግባሉ። እኔ ልጆቼን የምለካው በፊሽካና በስልኬ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ገጹን ስከፍተው መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው፣ አልደብቅም። ከዚህ ሁሉ ምዝገባ ተጣርቶ ለእኛ የሚደርሰው የተጫዋቹ ፍጥነት፣ የሸፈነው ርቀት፣ የምቱ ኃይል፣ ከየት ከየት እንደመታ የሚያሳይ ካርታ፣ እሱ በረዶው ላይ ሳለ ጨዋታው በየትኛው የሜዳ ክፍል እንደዋለ የሚናገር ድርሻ ነው። መረጃው ከ2021-22 ወቅት ይጀምራል።

ስለ ጨዋታው ራሱ ብዙ አልልም። ከየቡድኑ አምስት ተንሸራታችና አንድ በረኛ፣ 61 ሜትር በ26 ሜትር የሆነ በአጥር የተከበበ በረዶ፣ ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ። አጎቴ ቪዲዮውን ከስልኬ ላይ ሲያይ «ይሄማ ገና ነው!» አለ፤ የአንኮበር ሰው ስለሆነ ቆልማማ ዱላ ሲያይ ሌላ ነገር አይታየውም። እውነቱን ነው። ፓኩን ሩር ብላችሁ ብታስቡት ግማሹ ጨዋታ ይገባችኋል። ልዩነቱ እኛ ጋ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ እነሱ ጋ ጌታውም ሎሌውም ይቆጣል፣ ተደባድበው አምስት ደቂቃ ተቀጥተው ይመለሳሉ። ፓኩን የያዘን ሰው በትከሻ መግጨትም ሕጉ የሚፈቅደው ነው። ፓወር ፎርዋርድ የሚባለው ተጫዋች የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ፓወር ፎርዋርድ ሲባል ግዙፍ አጥቂ ማለት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ግዙፍ ሰው ሞልቷል። ፓወር ፎርዋርድ ፓኩ አጥሩ ጥግ ሲገባ ተጋፍቶ የሚያወጣው፣ ተከላካይ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎበት እያለ ፓኩን የማያስነጥቀው፣ በረኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ዓይኑን የሚጋርደው፣ ተተፍቶ የተመለሰውን የሚያስገባው ነው፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ውሎ ደግሞ ከጥሩ አጥቂ እኩል ጎል ይጠበቅበታል። ጎሉ ከሌለ ጉልበተኛ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ከሌለ ደግሞ ረጅም አጥቂ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ የሚገጥሙት ከስንት አንዴ ነው፤ ሲገጥሙም ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ «ዘግይተው» ከሚለው ነው።

የልጁ ታሪክ እንዲህ ነው። ማርች 30 ቀን 2004 ስሎቫኪያ ኮሺሴ ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 ገደማ፣ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ በላይ። በልጅነቱ ከአገሩ ወጥቶ ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ ሄደ፤ እዚያ በ2021-22 በትልልቆቹ ሊግ 31 ጨዋታ ተጫውቶ 10 ነጥብ አመጣ። በሆኪ ነጥብ ማለት ያገባውና ያመቻቸው ጎል ሲደመር ነው። አሥር ነጥብ ለማንም ትልቅ ወሬ አይደለም። ወሬው የመጣው በዚያው ወቅት ከቤጂንግ ኦሊምፒክ ነው፤ በ17 ዓመቱ በሰባት ጨዋታ ሰባት ጎል አገባ፣ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፣ ስሎቫኪያም ነሐስ ወሰደች። በጁላይ 7 ቀን 2022 ድራፍት በሚሉት የወጣቶች ምርጫ ሞንትሪያል አንደኛ አድርጎ ጠራው፤ ምርጫው የተካሄደውም እዚያው በሞንትሪያል አዳራሽ ነበር። ብዙ ሰው የጠበቀው ሼን ራይት የሚባለውን ካናዳዊ ነበር፤ እሱ እስከ አራተኛ ወርዶ ሲያትል ወሰደው። አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ስሎቫክ ከስላፍኮቭስኪ በፊት አልነበረም።

ከዚያ የመጀመሪያው ወቅት መጣ፦ 39 ጨዋታ፣ 4 ጎል፣ በድምሩ 10 ነጥብ፣ ከዚያ የጉልበት ጉዳትና ዕረፍት። የአክስቴ ልጅ በዚያን ሰሞን ስለ ሼን ራይት የሚልክልኝ መልእክት ብዛቱ! ሁለተኛው ወቅት ላይ በ82 ጨዋታ 20 አግብቶ ለ30 አመቻቸ፤ ወቅቱን ቀዝቅዞ ጀምሮ በሁለተኛው አጋማሽ የነደደ ልጅ ነበር። በጁላይ 2024 ክለቡ የስምንት ዓመት ውል በ60.8 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ በዓመት 7.6 ሚሊዮን መሆኑ ነው። ሦስተኛው ወቅት፣ 2024-25፦ 79 ጨዋታ፣ 18 ጎል፣ 33 ያመቻቸው፣ 51 ነጥብ።

ሃምሳ፣ ከዚያ ሃምሳ አንድ። የሞንትሪያል ዘመዶቼ የተኳረፉት እዚህ ላይ ነው። ቆመ ወይስ ገና እየጠነከረ ነው? እኔም ኤጅን የፈተንኩት በዚህችው አንዲት ጥያቄ ነው።

ገጹ የሚያኮራው ቦታ ፍጥነት ላይ ነው። ከመንዝ ወይም ከጣርማ በር በኩል የሚመጣልኝን ረጅም ልጅ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። እጁን አስተምረዋለሁ፣ ትከሻው ራሱ ያድጋል፤ ስድስት ሜትሩ መስመር ላይ ሁለት እርምጃ የማይፈጥን ልጅ ግን በሃያ ዓመቱም አይፈጥንም። ኤጅ ከአንድ ተጫዋች ላይ ሁለት ዓይነት የፍጥነት ቁጥር ያወጣል። አንደኛው በወቅቱ የተመዘገበው ትልቁ ፍጥነት ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያየው እሱን ነው፣ እኔ ግን ብዙ አልሰጠውም። ባዶ በረዶ ላይ አንዴ የመጣ ዕድል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ስንት ጊዜ እንደፈነጠረ የሚቆጥረው ነው። እሱ ነው ቁም ነገሩ። መቶ ኪሎ የሚመዝን ልጅ በየጨዋታው እየደጋገመ እዚያ ፍጥነት ላይ የሚደርስ ከሆነ እግሩ ያለ ነው፣ ሳንባውም አለ ማለት ነው። የሚገርመው ገጹ ራሱ ትልቁን ፍጥነት ከላይ አድርጎ ድግግሞሹን ከሥር ነው የሚያስቀምጠው። እናንተ ገልብጣችሁ አንብቡት።

የርቀቱን ገጽ ዝለሉት። ሆኪ ውስጥ ተጫዋች አንዴ ሲገባ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይወጣል፤ አርባ፣ አርባ አምስት ሰከንድ ነድዶ ይቀመጣል፣ ሌላው ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ ኪሎ ሜትር ሸፈነ ማለት አሠልጣኙ ብዙ ደቂቃ ሰጠው ማለት ነው፤ ስለ ልጁ የሚነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው። ምቱንም እንዲሁ በፍጥነት አልፈዋለሁ። ጠንካራ ምት ደስ ይላል፣ ግን ፓወር ፎርዋርድ ከሩቅ ቢመታ በረኛው ጓንት ውስጥ ነው የሚገባው።

የገጹ ዕንቁ የምት ካርታው ነው። በረዶውን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ከእያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ ወደ ጎል እንደመታ፣ ስንቱ እንደገባ ያሳያል። እዚህ ላይ ብዙ ምሽት አምሽቻለሁ። ወጣት ግዙፍ አጥቂ ከየት እንደሚመታ ስታዩ ምን እንደሚፈራ ታያላችሁ። በረኛው ደጃፍ ላይ መቆም ያማል፤ ጀርባችሁን በዱላ ይገፏችኋል፣ ቁርጭምጭሚታችሁን ይመቷችኋል፣ የገዛ ጓደኛችሁ የመታው ፓክ ጎናችሁ ላይ ያርፋል። ፓኩ 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠንካራ ጎማ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት በረዶ ውስጥ ነው የሚቆየው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ቁመቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ከዚያ ቦታ መራቅን ይመርጣል፤ ከጎን በኩል ሆኖ ይመታል። ካርታው ላይ ከወቅት ወቅት ምቶቹ ወደ ደጃፉ እየተጠጉ ከመጡ ልጁ እየበሰለ ነው፤ ጎሉ ባይጨምርም እንኳ። ቁጥሮቹን እዚህ አልደረድርም፤ ወቅቱ ሲጀመር ከየጨዋታው በኋላ ይቀያየራሉ፣ ደግሞም ራሳችሁ ብታዩት ይሻላል። የአክስቴን ልጅ ግን ይህን ካርታ እንጂ የጎሉን ድምር እንዳያይ ነግሬዋለሁ። አልሰማኝም።

አሁን የጎደለው ላይ ልምጣ፤ እዚህ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ከልጆቼ መሃል ፒቮት የምትጫወት ልጅ አለችኝ። ፒቮት በእጅ ኳስ ከተከላካዮቹ መሃል ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆመው ነው። እሷ ቆማ ሁለት ተከላካይ ስትይዝልኝ ከጎኗ ያለችው ልጅ ባዶ በር አግኝታ ታገባለች። ወረቀቱ ላይ ስሟ አይጻፍም። ውድድር ሲያልቅ «ኮከብ ግብ አግቢ» የምትሸለመው ሌላዋ ናት። እኔ ግን ቡድን ስመርጥ መጀመሪያ የምጽፈው የፒቮቷን ስም ነው። ሆኪም ያው ነው። ስላፍኮቭስኪ በ2024-25 ከኒክ ሱዙኪና ከኮል ኮፊልድ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሰለፍ ነበር። ሱዙኪ የቡድኑ አምበል ነው፣ አሳቢው እሱ ነው። ኮፊልድ አጭር ነው፣ ዋናው ሥራው መምታት። ግዙፉ ልጅ በረኛው ፊት ቆሞ ኮፊልድ ሲመታ፣ በረኛው ፓኩን ሳያየው ሲገባበት፣ ፓኩ ስላፍኮቭስኪን ካልነካው ወይም እሱ ካላቀበለው በቀር ነጥብ አይቆጠርለትም። ኤጅም ይህን አይነግረንም። በሰከንድ 15 ጊዜ የት እንደቆመ እያወቀ! በረኛው ደጃፍ ላይ ስንት ሰከንድ ቆመ የሚለውን ብቻ እንኳ አውጥቶ ቢሰጠን ፓወር ፎርዋርድን የመመዘን ሥራ በግማሽ ይቀልልን ነበር። መረጃው ከማሊያው እየወጣ ነው፤ ለሕዝብ ግን አልደረሰም።

የአጥሩ ትግልም የለም። ፓኩ ጥግ ገባ፣ ሁለት ሰው ተጋፋ፣ ማን ይዞት ወጣ? ለፓወር ፎርዋርድ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም፤ ገጹ ላይ ግን መልሱን አታገኙም። የሊጉ መደበኛ ገጽ ላይ የግጭት ቁጥር አለ፣ ግን እሱም ያሳስታል። ግጭት የሚቆጠርላችሁ ፓኩ በተቃራኒው እጅ ሲሆን ነው። ብዙ የሚጋጭ ሰው ብዙ ጊዜ ፓኩ የሌለው ሰው ነው።

ሌላው የማልወደው ነገር ደረጃ አሰጣጡ ነው። ገጹ ተጫዋቹን ከመቶ ስንተኛ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 90ኛ ከሆነ ከመቶው ዘጠናውን በልጧል ማለት ነው። ከ50 በታች ሲሆን ግን ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጥም፤ «ከ50 በታች» ብሎ ያልፋል። 49ኛውና 5ኛው አንድ ቃል ተሰጣቸው ማለት ነው። ተጫዋቹን ላለማሳፈር ይሆናል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ወጣትን የምንመዝነው ደካማ ጎኑ እየተሻሻለ መሆኑን ለማየት ነው። ከ10 ወደ 45 የወጣ ልጅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ይህ ገጽ ግን ሁለቱንም ዓመት በአንድ ቃል ይሸፍናቸዋል። እኔ ለልጆቼ ወላጆች ውጤት እንዲህ አድርጌ ብሰጥ ከሜዳ ያባርሩኛል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መረጃው ከ2021-22 ወዲህ ብቻ መሆኑ ነው፤ በዚህ ገጹን አልወቅሰውም። ፓወር ፎርዋርድን ለመፍረድ ግን የቀደሙትን ማየት ግድ ነው። እነሱን ከሌላ ቦታ፣ ከተራ የጎል ሠንጠረዥ ላይ መፈለግ አለባችሁ።

ጃሮም ኢጊንላን ውሰዱ። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፤ ለአጎቴ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ከእጄ ወስዶ በደንብ አየ። ኢጊንላ ከካልጋሪ ጋር በመጀመሪያ ሙሉ ወቅቱ፣ በ1996-97፣ 50 ነጥብ አመጣ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ 32 ወረደ። ያኔ ኤጅ ቢኖር፣ የአክስቴ ልጅም ካልጋሪ ቢኖር፣ የሚልክልኝ መልእክት ይታየኛል። በ24 ዓመቱ፣ በ2001-02፣ 52 ጎል አግብቶ ሊጉን በጎልም በነጥብም መራ። ሲያቆም 625 ጎል ነበረው፤ በ2020 ለዝነኞቹ አዳራሽ ተመረጠ።

ካም ኒሊ ቫንኩቨር እያለ የመጨረሻ ወቅቱ ላይ 14 ጎል ነበረው። 21 ዓመት በሞላው ቀን ለቦስተን ተሰጠ፤ በሚቀጥለው ወቅት 36 አገባ። ቶም ዊልሰን ዋሺንግተን ውስጥ የመጀመሪያ ወቅቱን በ82 ጨዋታ በ3 ጎል ጨረሰ፤ ሦስት! በ2024-25 ግን 33 አገባ፣ በዚያው ወቅት መጨረሻም ቡድኑ ሞንትሪያልን በመጀመሪያው ዙር 4 ለ 1 አሰናበተ። ሠላሳ ዓመት አልፎት ማለት ነው። ቴጅ ቶምሰን ደግሞ ቁመቱ ሁለት ሜትር ለመሙላት ሁለት ሴንቲ ሜትር የቀረው ሰው ነው፤ በ2020-21 በ38 ጨዋታ 8 ጎል፣ በሚቀጥለው 38፣ ከዚያ 47። እሱም ሲፈነዳ 24 ዓመቱ ነበር።

እነዚህን ብቻ ብደረድር ግን ሐሰት እነግራችኋለሁ። ያላደጉትም አሉ፣ እነሱን ማንም አያነሳም። የሴ ፑልዩያርቪ የሚባል ፊንላንዳዊ በ2016 አራተኛ ሆኖ በኤድመንተን ተመረጠ፤ 1 ሜትር ከ93፣ ፈጣን። በመጀመሪያዎቹ 139 ጨዋታዎች 17 ጎል ብቻ፤ ወደ ፊንላንድ ተመልሶ ነበር፣ መጣ፣ በ2023 ለካሮላይና ተሰጠ። ቁመትም ፍጥነትም ያለው ልጅ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነት ብቻ የሚለካ ገጽ ብቻውን ከቶምሰን አይለየውም ነበር።

እንግዲህ ፍርዴ። የአክስቴ ልጅ እስካሁን ያልወደደው ፍርድ ስለሆነ እዚህ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ስላፍኮቭስኪ አልቆመም። በመጀመሪያ ወቅቱ ቪዲዮ ላይ የማየው ልጅ ፓኩን ሲቀበል አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ማን እንደሚመጣበት አያይም፣ ይገጫል። በሦስተኛው ወቅት ላይ ፓኩ ከመድረሱ በፊት ትከሻው ዞሯል፤ የሚመጣበትን ሰው አስቀድሞ በወገቡ ይዞታል። ይህ ለውጥ የትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይወጣም፤ ለአሠልጣኝ ዓይን ግን ከአሥር ጎል ይበልጣል። አሠልጣኙ ማርቲን ሴንት ሉዊ መሆኑም አይናቅም፤ ራሱ 1 ሜትር ከ73 የሆነ፣ በድራፍት ማንም ያልመረጠው፣ በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሆነ ሰው ነው። አጭር ሰው በግዙፎች መሃል የኖረው ቀድሞ በማሰብ ነው፤ ግዙፉን ልጅም የሚያስተምረው ይህንኑ ይመስለኛል።

ኒሊ ግን አይሆንም። ከ51 ነጥቡ 33ቱ ያመቻቸው ነው፤ ይህ ልጅ በተፈጥሮው አቀባይ ነው፣ ግዙፍ አካሉን ቦታ ለመክፈት እንጂ ለመምታት አይጠቀምበትም። ሃምሳ ጎል የሚጠብቀው ደጋፊ ዕድሜ ልኩን ይናደዳል። እኔ የምጠብቀው 24 ዓመቱን ሲይዝ በወቅት ከ25 እስከ 30 ጎልና ወደ 70 ነጥብ የሚያመጣ፣ ከጎኑ ላለው አጭር ልጅ ደግሞ አርባ ጎል የሚከፍትለት ሰው ነው። በ7.6 ሚሊዮን ዶላር ይህ ርካሽ ነው። ይህ ካልሆነ፣ ማለትም ምት ካርታው ከ2024-25 በኋላ ባሉት ሁለት ወቅቶች ከጎን ወደ ደጃፉ ካልተጠጋ፣ ያኔ ተኳረፉ።

ለአጠቃቀሙ ጥቂት ነገር። ሞንትሪያል ማታ በነሱ ሰዓት 7፡00 ላይ ሲጫወት እኛ ጋ ክረምታቸው ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ለዚያ የሚነሳ ሰው ሌላ ሕመም አለበት፤ ውጭ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፣ ስኪ እንኳ የሚያሰኝ ነው። (አይሳቅ፤ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል።) እኔ ጠዋት ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ አጫጭር ቪዲዮውን አያለሁ፣ ቁጥሩን ማታ እከፍታለሁ። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ቁጥርና ሥዕል ስለሚበዛበት የምታውቁት ቃል ሃያ ቢሆን ይበቃል። ስልኬ አሮጌ ነው፤ ካርታው ደቃቅ ሆኖ ስለሚታይ ስልኩን አጋድሜ ነው የማየው፣ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ስይዝ ደግሞ በዚያ። ዳታ ለመቆጠብ ቪዲዮውን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ክፈቱ፤ ቀላል ነው።

ሌላ ወጣት ለመሞከር የምትፈልጉ ከስላፍኮቭስኪ ይልቅ በሎስ አንጀለሱ ኩዊንተን ባይፊልድ ጀምሩ። በ2020 ሁለተኛ የተመረጠ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 የሆነ ልጅ ነው፤ በ2022-23 በ53 ጨዋታ 3 ጎል ብቻ ነበረው፣ በሚቀጥለው ወቅት 20። የሁለቱን ወቅቶች ምት ካርታ ጎን ለጎን ክፈቱና በረኛው ደጃፍ ላይ ያለውን ክፍል ብቻ አነጻጽሩ፤ ሌላውን ለጊዜው ተዉት።